ሶኬት ሳይነካ ስለ ደረቀው ቀሚስ

ጋሽ ሙህዲን፣ ሥዩመ ቆጣሪ ወዐቃቤ ሶኬት፣ በአማኑኤል ሰፈር በሚገኘው ግቢያችን በማብሪያና ማጥፊያ ሁሉ ላይ በሠለጠኑ በስድስተኛው ዓመት፣ ዘመኑም ዘመነ ብሬከር ተብሎ በሚጠራበት ጊዜ፣ በወርኃ ሐምሌ፣ ሰማዩ ሳይዘጋ እንደ ተረሳ ቧንቧ ከጠዋት እስከ ማታ ሲወርድ፣ የመርካቶም ጭቃ ጫማን አልፎ ካልሲን በሚጎበኝበት ወራት፣ ይህ አሁን የምንተርከው ታላቅ ነገር ሆነ።

ጸሐፊው እኔ ገብረ ኢየሱስ ነኝ፤ በልጅነቴ ቅኔ ቤት የገባሁ፣ በጎልማሳነቴ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍሁ የኖርሁ፣ በእርጅናዬ ደግሞ ከጋሽ ሙህዲን ጋር ግድግዳም ቆጣሪም የምጋራ። ለነገሥታት የሚጻፈውን ዓይነት ታሪክ ለመጻፍ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኝ ንጉሥ አጥቼ ቆየሁ። የተገኙት ጋሽ ሙህዲን ናቸው፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ በተገኘው እንጽፋለን።

ግቢያችን አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚተዳደርበት ነው። ከቆጣሪውም ሥር ብሬከር የሚባል አንድ ቁጡ ፍጥረት አለ፤ ሁለት ምድጃ በአንድ ጊዜ ከተሰካ፣ ወይም አንድ ምድጃና አንድ ካውያ ከተገናኙ፣ ጣ ብሎ ይወርዳል፣ አራቱም ቤት ይጨልማል፣ የእኔም እንቁላል ግማሹ ጥሬ እንደ ሆነ ይቀራል። ጋሽ ሙህዲንም ይህን ክፉ ነገር ከምድረ ገጽ ሊያጠፉ ተነሥተው፣ የኮሪደሩን አምፖል ነቅለው፣ የቴሌቪዥኑን ቀይ ነጥብ ሳይቀር ይህችም ትበላለች ብለው ከሶኬቷ አላቅቀው፣ የስልክ ቻርጀሮችን ማርከው በመሳቢያ ቆልፈው፣ ፍሪጁን በክረምት ብርድ ምን ይሠራልናል ሲሉ ከሥልጣኑ ሽረው የጫማ ማስቀመጫ አድርገውት፣ በመጨረሻም አማታቸው እትዬ ምስራ መታጠቢያ ቤት ገብተው ሳለ ሰው የለበትም ብለው መብራቱን አጠፉባቸው። እትዬ ምስራም በጨለማ ብዙ ከዳበሱ በኋላ ፊታቸውን በጥርስ ሳሙና ታጥበው ወጡ።

የእኒህ ኃያል ባለቤት ወይዘሮ ሰዓደት ይባላሉ። ቀን ቤት ሲያስተዳድሩ ውለው ማታ ማታ በአንድ ማሠልጠኛ የልብስ ስፌት ይማሩ ነበር። ትምህርቱ አልቆ የቀረው ፈተና ብቻ ነበር፤ ፈተናውም እያንዳንዷ ሠልጣኝ በገዛ እጇ ቆርጣ የሰፋችውን አንድ ልብስ ቅዳሜ ጠዋት በመምህራኑ ፊት ማቅረብ ነው። ወይዘሮ ሰዓደትም ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ፣ አንገቱና የእጅጌው ጫፍ በነጭ ክር የተዘመዘመ፣ ተገልብጦ ቢታይ እንኳ አንድ የተረሳ ክር የማይገኝበት፣ ሰፍተው ጨርሰው ነበር። ምስክር ወረቀቱን ካገኙ ጋሽ ሙህዲን በልባሽ ሱቃቸው ውስጥ አንድ ጥግ ሊሰጧቸው፣ የስፌት መኪናም ሊያስገቡላቸው በዘመድ ፊት ቃል ገብተዋል። ካላለፉ ግን ጥጉ የለም፤ በእሳቸው አስተያየት የስፌት መኪና መብራት ይበላልና። ወይዘሮ ሰዓደት ያንን ጥግ ምን ያህል እንደሚመኙት ግድግዳ የምጋራ እኔ አውቃለሁ፤ ሽንኩርት ሲከትፉ መኪናው በየት በኩል እንደሚቆም፣ መስታወቱም የት እንደሚሰቀል ለራሳቸው ያወራሉ።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። ከደመናው ብዛት የተነሣ ቤቱ መብራት ያሻው ነበር፤ ጋሽ ሙህዲን ግን ነግቷል ብለው ዐውጀው አምፖሉን አጠፉ። ወዲያውም ራሳቸው በፈጠሩት ጨለማ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ያለ መስሏቸው፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ወንበር ላይ በተዘረጋው ቀሚስ ላይ አሳረፉት። ሻዩም ወተት ያለበት፣ ቅርንፉድ ያለበት፣ ስኳሩ የበዛ ነበር።

ወይዘሮ ሰዓደት ቀሚሱን ለዚያ ቀን ከተዘፈዘፈው የቤተሰብ ልብስ ጋር አብረው አጠቡ፤ ዝናቡ ግን ውጭ ካለው ገመድ ላይ መቀመጫ ይዞ ስለ ነበር ቀሚሱን ወንበር ላይ ሰቅለው ምድጃውን አጠገቡ ሰኩ፣ ይፈጥንላቸው ብለውም ካውያውን ጨመሩ። ብሬከሩም ወረደ። እኔም በዚያች ሰዓት እንቁላል ጥጄ እንደ ነበር ለታሪክ ይመዝገብ። ያን ጊዜ ጋሽ ሙህዲን በበረንዳው ላይ ቆመው፣ አራቱም ቤት እስኪሰማ ድረስ፣ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ስሙ! ያልሰማችሁም ከሰሙት ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት በኤሌክትሪክ የሚደርቅ ጨርቅ የለም፤ ካልሲም ቢሆን! አላህ የሰጠን አየር አለ አይደለም እንዴ? ሰዓደት፣ ቀሚሱን ለኔ ተይው! ሶኬት ሳልነካ ደረቅ አድርጌ ቅዳሜ ጠዋት እጅሽ ላይ ካላስቀመጥኩ ሙህዲን አትበሉኝ!»

ወእምዝ ዘመቻው ተጀመረ። ጋሽ ሙህዲን ከሱቃቸው ባመጡት ሲባጎ የመጋረጃውን ምስማር ከቁምሳጥኑ እጀታ፣ የቁምሳጥኑን እጀታ ከአልጋው ራስጌ አገናኝተው፣ ሠራዊቱን ሁሉ በዚያ ላይ አሰለፉ። በቀኝ በኩል የገዛ ራሳቸው ነጭ ጀለቢያ፣ ቁመቱ ከባለቤቱ የሚበልጥ፤ በግራ በኩል ሁለት አንሶላዎች፣ ሳሎኑን ለሁለት መንግሥት የከፈሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ የእትዬ ምስራ ሰፊ ጉርድ፣ ጉልበቱ ላይ የተጣፈው የጋሽ ሙህዲን የሌሊት ሱሪ፣ ሹራቦችና ፎጣዎች፤ ከኋላም ካልሲዎች ጭፍራ ለጭፍራ፣ ከየጥንዱ አንዱ እንደ ልማዱ የከዳ። በመካከል፣ በክብር ቦታ፣ አረንጓዴው ቀሚስ ተሰቀለ።

የጦር ስልቱ ግን ከመጀመሪያው የታመመ ነበር። ሙቀት እንዳይወጣ ብለው መስኮቱን ስለ ዘጉት ልብሱ ሳይደርቅ ግድግዳው ረጠበ። እትዬ ምስራ ምሳ ሊያቀርቡ ተነሥተው በሁለቱ አንሶላዎች መካከል መንገድ ጠፍቷቸው ወጡን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ። እኔም ጨው ልለምን ብቅ ባልሁበት የጀለቢያው እጅጌ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ጋሽ ሙህዲን ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ካልሲዎቹን ከፍሪጁ ኋላ፣ ሙቀት ከሚወጣበት ሽቦ ላይ ደርድረው ይጠባበቁ ጀመር፤ ፍሪጁን ራሳቸው እንደ ሻሩት ትዝ ያላቸው ከሰዓት በኋላ ነው።

በመሸ ጊዜ ቤቱ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ሸተተ፣ ቀሚሱም ሲዳሰስ እንደ ጠዋቱ ነበር። ወይዘሮ ሰዓደት ጫፉን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ለቀቁት፣ ወደ ማድቤትም ሄዱ። በዚያ ምሽት ሽንኩርት ሲከትፉ ሰማሁ፤ ስለ ጥጉ ሲያወሩ ግን አልሰማሁም። እውነቱን ለመናገር በጣም አዘንሁ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ሙህዲን ሌላ ምክር አመጡ። ቀሚሱን በእትዬ ምስራ ደረቅ ፎጣ ጠቅልለው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከውበት ውኃውን አስተፉት፤ ይህ እንኳ ብልህ ሥራ ነበር፣ አንክድም። ከዚያም ሠራዊቱን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት አስገብተው፣ ከሶማሌ ተራ በታች ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወደሚገኘው ሱቃቸው ወሰዱት። በዚያ ፎቅ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር የሚጠርግ ነፋስ አለ። ጋሽ ሙህዲንም ልብስ በሚሰቅሉበት ባለ መንጠቆ ረጅም ዘንጋቸው፣ እያንዳንዱን እርጥብ ልብስ በማንጠልጠያ አድርገው፣ ከሚሸጠው ልባሽ ጋር ጎን ለጎን ጣሪያው ሥር ሰቀሉት፤ ከበላዩም በትልቅ ፊደል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የዘወትር አዋጃቸው ተለጥፎ ነበር። ነፋሱ መጣ፣ ቀሚሱም ተወዛወዘ፣ እሳቸውም ድሉን እንደ ጨበጡ ሆነው ተቀመጡ።

አሁን ስለ መርካቶ አንድ ሥርዓት ልናገር ይገባል። ነጋዴ ለጸሎት ሲሄድ ሱቁን አይዘጋም፤ ለጎረቤቱ ትቶ ይሄዳል። ጋሽ ሙህዲን ለጁምዓ ሲሄዱ ቀበቶና ቦርሳ የሚሸጡት ጎረቤታቸው አቶ አገኘሁ ይተካሉ፤ አቶ አገኘሁ ለንግሥ ሲሄዱ ጋሽ ሙህዲን ይተካሉ፤ እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖረዋል። ጎረቤት ማለትም የሚጠብቅ ብቻ አይደለም፣ የሚሸጥ ነው፤ ሳይሸጥ የጠበቀ ጎረቤት ዘበኛ ተብሎ ይታማል። ጋሽ ሙህዲን ለመላው ቤተሰብ ብዙ ያወጁ ሰው፣ በዚያች ዓርብ ለአቶ አገኘሁ አንዲት ነገር መናገር ረስተው፣ ከስግደት በፊት የሚታጠቡትን ውዱእ ለማድረግ ተቻኩለው ወጡ።

አቶ አገኘሁም በወዳጃቸው ሱቅ በር ላይ ቆመው፣ ጣሪያውን ተመልክተው፣ ዛሬ አዲስ ዕቃ ገብቷል ብለው ተደስተው፣ በታመነ ልብ እንዲህ ዐወጁ፦

«ፈታሁት! ፈታሁት! ዛሬ የተፈታ ቦንዳ! ምረጪ እህቴ፣ ምረጥ ወንድሜ! እጅ ያልነካው!»

አንዲት ሴትም መጥታ አረንጓዴውን ቀሚስ ዳሰሰች፣ ረጠብ ስላለባትም ፊቷን አጨማደደች። ሌላ ሻጭ ቢሆን እዚህ ላይ ይሸነፍ ነበር። አቶ አገኘሁ ግን የመርካቶ ልጅ ናቸውና ሁለተኛውን አዋጅ አወጡ፦

«እርጥበቱን አይተሽ ነው? እሱማ ማስረጃው ነው! ከመርከብ ወርዶ ገና መች ደረቀ? የባሕር ጤዛ ነው እኮ! ደረቁ ያውልሽ፣ እሱ የአምናው ነው!»

ይህ ቃል በኮሪደሩ ሁሉ ተሰማ። ገዢው ተሰበሰበ፣ ሁሉም እጁን እየሰደደ እርጥብ እርጥቡን ያዘ፣ ደረቁን ልባሽ ግን ዞሮ ያየው አልነበረም። ጀለቢያው ተሸጠ፣ አንሶላዎቹ ተሸጡ፣ የእትዬ ምስራ ጉርድ ተሸጠ፤ ጉልበቱ ላይ የተጣፈው የሌሊት ሱሪ ሳይቀር ፋሽን ነው ተብሎ ሄደ። ከቤተሰቡ ልብስ ሳይሸጡ የቀሩት ጥንድ የሌላቸው ካልሲዎች ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ሙህዲን ከስግደት ሲመለሱ አቶ አገኘሁ በድል አድራጊ ፊት ተቀበሏቸው። እሳቸው ግን ቀና ብለው በጣሪያው ሥር የቀሩትን ባዶ ማንጠልጠያዎች አዩ። ወዳጃቸውን እንዳይቆጡ ሰውዬው የጎረቤትን ሥራ በሚገባ ሠርተዋል፤ ዝም እንዳይሉ ነገ ቅዳሜ ነው። ነገሩን በነገሯቸው ጊዜ አቶ አገኘሁ ሁለት እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው ጮኹ፦

«ወይኔ ጋሼ! የእትዬ ሰዓደትን? ምን አስነካኝ! ቆይ፣ ቀሚሷን የገዛቻትን አውቃታለሁ፤ አብነት ሰፈር ጭማቂ ቤት ያላት ሰብለ ወንጌል ናት። ተነሱ፣ እንሂድ!»

ወደ አብነትም ዘመቱ። ፊት ፊት ጋሽ ሙህዲን፣ አንድ አጥንቱ የተሰበረ ጃንጥላ ዘርግተው፤ ከኋላቸው አቶ አገኘሁ፣ የሚሸጡትን ቦርሳ ለዝናብ ራሳቸው ላይ ደፍተው፤ ከእሳቸውም ኋላ ባህረዲን የተባለ ተሸካሚ፣ ካርቶን እንደ ተሸከመ፣ ነገሩን በመንገድ ሰምቶ መጨረሻውን ሳላይማ አልቀርም ያለ። ታክሲ አልተገኘም፣ ጭቃውም እስከ ቁርጭምጭሚት ያዛቸው። በመንገድ ላይ የገዛ ጀለቢያቸው በሌላ ሰው ላይ ሆኖ መጣና፣ ባለ ጀለቢያው ሰላምታ ሰጥቷቸው አለፈ። ጋሽ ሙህዲንም ሰላምታውን መለሱ፤ ሌላ ምን ያደርጋሉ።

ሰብለ ወንጌልን ያገኟት አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳ፣ ከጭማቂ መፍጫው ፊት ቆማ አቮካዶ ስትልጥ ነው። ቀሚሱ እንደ ተለካላት ሆኖ ተቀምጦባታል። ጋሽ ሙህዲን ገንዘቧን ልመልስ፣ ሌላም ልብስ ልመርቅ ብለው ጉዳዩን ሳይጨርሱ፣ ሴትዮዋ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ ጭማቂ የሚጠጣው ሕዝብ እየሰማ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦

«አላወልቅም! ስገዛው ረጠብ ብሎ ነበር፣ እላዬ ላይ ደርቋል፣ አሁን የኔ ነው! ደሞ ሱቅዎ ላይ ምንድነው የሚለው? የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አይደል? አምና ዚፑ የተበላሸ ጃኬት ይዤ መጥቼ፣ ጋሼ፣ በጣትዎ ጽሑፉን አሳይተው ነው የሸኙኝ! ጽሑፉ ለኔ ብቻ ነው እንዴ የተጻፈው?»

ጋሽ ሙህዲን የገዛ አዋጃቸው አብነት ድረስ ተከትሏቸው መጥቶ ሲገጥማቸው ቀስ ብለው ወጥተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ስለ እሳቸው አንድ ደግ ነገር እጽፋለሁ፤ በበሩ ስንጥቅ ያየሁት ነውና። ጋሽ ሙህዲን በሕይወታቸው ብዙ ዐውጀዋል፣ ይቅርታ መለመን ግን አልለመዱም። ቤት ሲገቡ በመጀመሪያ እጃቸውን ዘርግተው አምፖሉን አበሩ፤ ገና ቀን ሳለ አበሩት። በብርሃኑም ሥር ቆመው ሁሉን ተናገሩ፣ ሻዩንም ጨምረው። ወይዘሮ ሰዓደት እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ከዚያ ያች ሴት የት እንዳለች ብቻ ጠየቁ፣ የስፌት ሜትራቸውንና የመርፌ ትራሳቸውን አንሥተው በዝናቡ ወጡ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ካርቶኑን እንደ ተሸከመ እስካሁን ካልሄደው ከባህረዲን ሰማሁ። ወይዘሮ ሰዓደት ከጭማቂ ቤቱ በር ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩ። ለወራት ጉልበታቸው ላይ አቅፈው የሰፉት ልብስ፣ ከዚህ በፊት ወንበርና ማንጠልጠያ እንጂ ሰው ላይ ያላዩት፣ በማያውቁት ሰው ገላ ላይ ሆኖ ሲራመድ፣ ሲያጎነብስ፣ ሲስቅ አዩ። ይህችም ሴት የሰፊውን ስም ሳታውቅ፣ ዘመድነት ሳይዛት፣ ከሙሉ ሱቅ ውስጥ እሱን መርጣለች። ወይዘሮ ሰዓደት አለቀሱ። ሰብለ ወንጌል ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀርበው፣ ተንበርክከው፣ በስተቀኝ ትንሽ ከፍ ያለውን የቀሚሱን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ አስተካከሉና እንዲህ አሉ፦

«ቀሚሱ ያንቺ ነው፣ ማንም አያስወልቅሽም። የሰፋሁት ግን እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ፤ ለብሰሽው አብረሽኝ ቁሚልኝ።»

ሰብለ ወንጌልም ቀሚሱን እያየች፣ ሴትዮዋን እያየች፣ ይህን ዐወጀች፦

«በስመ አብ! አንቺ ነሽ የሰፋሽው? ከውጭ የመጣ ነው ብዬ! እመጣለሁ፤ ቤቱ ነገ ጠዋት ዝግ ነው፣ ጭማቂ ያማረው ሰው ከሰዓት ይምጣ!»

ቅዳሜ ጠዋት ሠልጣኞች ሁሉ ሥራቸውን በማንጠልጠያ ሰቅለው፣ በካውያ አስተካክለው ሲያቀርቡ፣ ወይዘሮ ሰዓደት ባዶ እጃቸውን ገቡ፤ የእሳቸው ሥራ ከኋላቸው በእግሩ መጣ። መምህራኑ አዞሯት፣ ክንዷን አስነሧት፣ እጅጌውን ገልብጠው የውስጡን ስፌት ፈለጉ፣ የተረሳም ክር አላገኙም። ሰብለ ወንጌል ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት በክፍያ የገዛሁት ነው፣ መርጬ ነው እያለች ትመሰክር ነበር። ወይዘሮ ሰዓደት አለፉ። ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ የቆሙት ጋሽ ሙህዲን ራሳቸውን መግዛት አቅቷቸው «ሶኬት ሳይነካ ነው የደረቀው!» ሲሉ ዐወጁ፤ ይህንን ግን የጠየቀ አልነበረም።

በዚያው ቀን በበረንዳችን ላይ አዲስ አዋጅ ታወጀ፤ ያወጁትም ወይዘሮ ሰዓደት ናቸው፦

«አሁን ደግሞ የኔን ስሙ! ጥጉ የኔ ነው፣ በመስኮቱ በኩል ያለው። ፍሪጁ ይሰካ፣ ጫማው ይውጣለት። ዝናብ በሆነ ቀን ልብስ የሚሰቅለው ሙህዲን ነው፤ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ፣ አራርቆ፣ ያውም እዚሁ ቤት! ሱቅ የሚሄደው የሚሸጠው ብቻ ነው። እማዬ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ስትገባ መብራቱን የሚነካ እጅ አይኑር!»

ወኮነ ከማሁ። የስፌት መኪናው በተገዛ ጊዜ ጥጉ እስኪጸዳ ለጥቂት ቀናት እዚሁ ቤት ቆየ። አንድ ምሽት ወይዘሮ ሰዓደት በመኪናው እየሰፉ ካውያውንም ስፌቱን ሊተኩሱበት ሰክተው ሳለ፣ እኔ አላዋቂው ምድጃዬን ሰካሁ። ብሬከሩ ወረደ፣ አራቱ ቤት ጨለመ፣ የመኪናው ድምፅ ተቋረጠ። ሁላችንም አዋጁን ጠበቅን። የወንበር መጎተት ተሰማ፤ ጋሽ ሙህዲን በስልካቸው ባትሪ እያበሩ ቆጣሪው ሥር ቆመው ብሬከሩን በገዛ እጃቸው አነሡት፣ ማን ሰካ ብለውም አልጠየቁም። ተመልሰው ከገቡ በኋላ በግድግዳው በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ከአዋጆቻቸው ሁሉ አጭሩ ነበር፦

«ስፊ።»

መኪናውም እንደ ገና መሮጥ ጀመረ። ስለዚህ ለጋሽ ሙህዲን፣ ለሥዩመ ቆጣሪ፣ አንሶላን ለነፋስ ለዳረጉ፣ ጀለቢያቸውን ለሕዝብ ላካፈሉ፣ በገዛ አዋጃቸው ተሸንፈው በአንድ ቃል ለነገሡ፣ ክብርና ረጅም ዕድሜ ይሁን፤ ስማቸውም ሰማይ በሚያፈስበት ዘመን ሁሉ በግቢያችን ይጠራ። ይህንን እኔ ገብረ ኢየሱስ፣ በበራ መብራት፣ እስከ መጨረሻው የበሰለ እንቁላል ከፊቴ አድርጌ ጻፍሁ።